ሎሚውስ? ጭቃውስ? ስለ ወለል ድንጋይ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ቤት የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርስ ሲላላኩት የነበረ አንድ ጽሑፍ አለ። ለወለል የተፈጥሮ ድንጋይ ስለመምረጥ ነው። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዷ ካዛንቺስ የእናቷን ቤት እያሳደሰች ያለች ወዳጄ ናት፣ ለእምነበረድ ቀብድ ልትከፍል ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። የተፈጥሮ ድንጋይ ከፖርሲሊን፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት ከተተኮሰው ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ፣ ሁሌም ይበልጣል። እምነበረድ ማሸጊያ (ድንጋዩ እድፍ እንዳይጠጣ የሚቀባ ፈሳሽ) ከተቀባ ለወጥ ቤትም ይሆናል። ግራናይት ግራናይት ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ ከሁሉ ይጠነክራል። የውጭው ከአገር ውስጡ ይሻላል። ማብረቅረቅ የጥራት ምልክት ነው። ድንጋይ ቤት ያቀዘቅዛል። ማንጠፉ ቀላል ነው፣ ሴራሚክ የሚሠራ ሁሉ ይሠራዋል። ወጪውም አንዴ ብቻ ነው።

ሁሉም ስህተት ነው አልልም። ችግሩ ድንጋዩን በስሙና በመልኩ ብቻ ማስመረጡ ነው። ወለሉ ላይ ምን እንደሚፈስ፣ ማን በምን ጫማ እንደሚረግጠው፣ በምን እንደሚወለወል አንድም ቦታ ላይ አይጠይቅም። ሲያነቡት ሙቅ አገር ላለ፣ እሳት ለማይነድበት ቤት የተጻፈ ይመስላል። እኛ ደግሞ አራዳና ቂርቆስ ነው የምንኖረው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት፣ ቅደም ተከተሉን ግን እንደመሰለኝ አደርገዋለሁ።

ከቀላሉ ልነሳ። ድንጋይ ቤት ያቀዘቅዛል የሚለው ለድሬዳዋ ትክክል ነው። ለሰመራም፣ ለጋምቤላም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ክረምቱ ደግሞ ፀሐይ ሳያሳየን ይከርማል። እዚህ ከተማ ውስጥ ቤቴ ሞቀኝ፣ አቀዝቅዙልኝ ያለው ማን ነው? ድንጋይ የእግርን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፣ ክፍሉ እኩል ሞቆ እንኳ ከእንጨት ይልቅ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የምታርፍበት ሳሎን ካላችሁ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን መሃል ከተማ ላይ አንዱ ፎቅ የሌላውን ፀሐይ እየጋረደ ባለበት ሰፈር ይሄ ዕድል ያለው ስንት ቤት ነው? ለመኝታ ቤት ፓርኬ አስገቡ። አዛውንት ወይም የሚድህ ሕፃን ካለ ክርክርም አያስፈልገው።

አሁን ሰው የሚያከስረው ነጥብ ላይ ደረስን። እምነበረድ ማሸጊያ ከተቀባ ለወጥ ቤት ይሆናል ይላል ጽሑፉ።

እምነበረድ ማለት በከርሰ ምድር ሙቀትና ግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ እሱ ደግሞ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ሎሚ ጠብ ያለበት ቦታ ብርሃኑን ያጣል። ብትወለውሉት አይመለስም፣ ብታጥቡት አይመለስም፣ ምክንያቱም እድፍ አይደለም፣ የድንጋዩ ገጽ ራሱ ተበልቷል። ማሸጊያው የሚያደርገው ሌላ ሥራ ነው። ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ዘይትና ውሃ ቶሎ እንዳይሰርግ ያዘገየዋል። እርድና በርበሬ ያለበት ዘይት ሲፈስ እስክትጠርጉት ድረስ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ለዚህ ጥሩ ነው። አሲድ ግን ላይ ላዩን ነው የሚበላው፣ ለመግባት ቀዳዳ አይፈልግም። ጸሐፊው እድፍንና መበላትን አንድ አድርገው ስለጻፏቸው ነው ምክራቸው የተሳሳተው።

በሉ ወደ ወጥ ቤታችን እንግባ። ሎሚ አለ፣ ኮምጣጤ አለ፣ ቲማቲም አለ። እርጎ አለ። ጠላና ጠጅ፣ ለልጆቹ ደግሞ ለስላሳ። ከሁሉ በላይ ግን ሊጥ አለ። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚኮመጥጠው አሲድ ስለሚፈጠርበት ነው፣ እርሾውማ ይብሳል። ቡሃቃው ሌሊት ገንፍሎ ያደረበት፣ ወይም ጋጋሪዋ ሊጡን ከዕቃው ወደ ምጣዱ ስታመላልስ የተንጠባጠበበት ነጭ እምነበረድ ምን እንደሚመስል አስቡት። የፈረንጅ ጽሑፎች ስለ ወይን ጠጅና ስለ ብርቱካን ጭማቂ ያስጠነቅቃሉ። እኛ ቤት ዋናው ሊጡ ነው፣ ያውም በየሳምንቱ፣ ያውም በሊትር።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። እርጥብ ቄጠማ ነጣ ያለና በደንብ ያልተወለወለ ድንጋይ ላይ ሲከርም አረንጓዴ ቢጫ እድፍ ሊተው ይችላል። ቄጠማውን ተዉት የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ድንጋዩን ቀይሩ ነው የምለው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው አንድ ነገር አለ፣ እሱም የግንባታ ማብቂያ ጽዳት ነው። ሥራው ሲያልቅ ወለሉ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ይቀራል። ሴራሚክ የለመደ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? አሲድ ገዝቶ ያፈስበታል። ሴራሚክ ላይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። እምነበረድ ላይ ግን አሲዱ አረፋ እየደፈቀ ሲሚንቶውንም ድንጋዩንም አንድ ላይ ይበላቸዋል። ሰው ገና ሳይገባበት ያረጀ ወለል የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው እንደገና ማስፈጨትና ማስወልወል ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ ከመጀመሪያው ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ፣ አሲድ የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ አይገባም። (በነገራችን ላይ አሲድና በረኪና አንድ ላይ የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ፣ የበለጠ ያጸዳል ብለው። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ድንጋዩ ይቅርና እናንተ ትረፉ።)

እምነበረድ የትም አይግባ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባበት ሳሎን ውስጥ፣ ለመተላለፊያ፣ ለመስኮት ደፍ በጣም ያምራል። ለወለል ስትወስዱት እንደ መስታወት ከሚያበራው ይልቅ ደብዘዝ ተደርጎ የተፈጨውን ውሰዱ። ቢበላም ቶሎ አያስታውቅም።

ግራናይት ግራናይት ነው የሚለውስ? አይደለም። እውነተኛ ግራናይት ውስጥ ኳርትዝና ፌልድስፓር የሚባሉ ጠንካራ ማዕድናት አሉ። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው፣ የእምነበረዱ ካልሳይት (ያው የካልሲየም ካርቦኔቱ ማዕድን) 3። የቢላ ብረት መሃላቸው ላይ ነው፣ 5 ተኩል አካባቢ። ከዚህ ተነስታችሁ ሱቅ ውስጥ ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ቁራጭ ናሙና ጠይቁ፣ በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርጉት። ከተጫረ ግራናይት አይደለም። ሎሚ ደግሞ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠብ አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩና ጥረጉት። የነካው ቦታ ደብዝዞ ከቀረ ባለሱቁ ምንም ስም ቢያወጣለት የኖራ ዘር ነው። ናሙና አላስነካም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ጥቁሩን በተመለከተ፣ ገበያው ጥቁር ግራናይት የሚለው አብዛኛው በጂኦሎጂ ቋንቋ ጋብሮ ወይም ዶለራይት የሚባል ሌላ ድንጋይ ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የንግዱ ልማድ ነው፣ ድንጋዮቹም ጎበዞች ናቸው። የአክሱም ሐውልቶችን እንኳ ሁላችንም ግራናይት እንላቸዋለን፣ የድንጋይ ባለሙያዎች ግን ኔፌሊን ሳይናይት ይሏቸዋል። ማጭበርበሩ ያለው ግራጫውን ድንጋይ ቀለም አጠጥቶ ጥቁር ብሎ መሸጥ ላይ ነው። እሱንም ማጋለጫ አለው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አሴቶን ጠብ አድርጋችሁ እሹት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ማለቴ ነው። ጨርቁ ከጠቆረ ወለላችሁም ከጊዜ በኋላ ይነጣል። ቀለም ባይቀባም ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወለል በበጋ አቧራ የእያንዳንዱን እግር ዱካ መዝግቦ ያስቀምጣል። ቀን ሙሉ መወልወያ ይዞ የሚቆም ሰው ካላችሁ ይሁን።

ግራናይት ጨረር አለው፣ ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬም ጽሑፉ ጫፍ ላይ ጣል ተደርጓል። ግራናይት ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚገኘው ራዶን፣ ከዩራኒየም የሚመነጨው ጨረር ያለው ጋዝ፣ በአብዛኛው የሚመጣው ከቤቱ ሥር ካለው አፈር ነው፣ ከወለል ንጣፍ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ኢምንት ነው። መስኮት ክፈቱ። ይለፍ።

የውጭው ከአገር ውስጡ ይሻላል የሚለው ግን አያልፍም። በምን ነው የሚሻለው? ጽሑፉ ምክንያት አይሰጥም፣ ጣሊያን ይላል፣ አበቃ። የጣሊያኑ የካራራ እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዙ የዳለቲ እምነበረድም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሊጥ ሲፈስባቸው ሁለቱም እኩል ያለቅሳሉ። ደግሞ ሱቅ ውስጥ ጣሊያን የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ ጣሊያንን አይቶ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ስሙ የመልክ ስም ነው። ከሐረርጌ በኩል የባቢሌ ሮዝማ ግራናይት አለ፣ ከወለጋም ግራናይት ይመጣል። ባለቤቱ የማያውቀው ሀብት ሆኖ ነው እንጂ።

እርግጥ ነው ከአገር ውስጥ ስትገዙ ዓይናችሁን መክፈት አለባችሁ። ቅሬታ የምሰማው በድንጋዩ ሳይሆን በአቆራረጡ ነው። አንዱ 2 ሴንቲ፣ አንዱ 1.7፣ አንዱ ማዕዘኑ ያልቀና። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከማስጫናችሁ በፊት ከየክምሩ እያወጣችሁ ውፍረቱን ለኩ፣ ማዕዘኑን በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አስፈትሹ፣ ቀለሙን መሬት ላይ ደርድራችሁ እዩ። ከውጭ የመጣውም ቢሆን ይሄው ነው የሚደረግለት። የአገር ውስጡ ትልቅ ጥቅም ግን ከዓመታት በኋላ አንድ ቢሰበርባችሁ ተመሳሳዩን የማግኘት ዕድላችሁ መስፋቱ ነው። ከውጭ የመጣው ኮንቴይነር አለቀ ማለት አለቀ ነው፣ ቀጣዩ ዶላር ሲገኝ።

ጽሑፉ የኛን ጥቁር ድንጋይ ለመሠረትና ለአጥር ብቻ የሚሆን ብሎ አልፎታል። ይሄኛው ደግሞ ያስቀኛል። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፣ ባዛልት፣ ትራካይት፣ ኢግኒምብራይት። የየሰፈሩን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ያነጠፍነው በእሱ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ መኪና እየሄደበት፣ ዝናብ እየወረደበት፣ የሁሉም ሰው እጣቢ እየፈሰሰበት ነው የከረመው። ጠርቦ ሳይሆን በማሽን ሰንጥቆ ለበረንዳ፣ ለውጭ ደረጃ፣ ለመግቢያ ቢነጠፍ ከብዙ ውድ ድንጋይ ይበልጣል። የቤት ውስጥ አሲድ አይደፍረውም። ጠንካራ ስለሆነ ግን የመቁረጫ ዲስክ ይጨርሳል፣ የእጅ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል፣ ይሄን አስቀድማችሁ እወቁ። አረፋ የመሰለ ቀዳዳ የበዛበትን አትውሰዱ፣ ቆሻሻ ይይዛል። ጽሑፉ በምትኩ ለበረንዳ ያጨው የአምቦ ድንጋይን ነው። የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ግድግዳ ላይ ግርማ አለው፣ ወለል ላይ ግን ውሃና ጭቃ ይጠጣል። ለግድግዳ አስቀሩት።

ማብረቅረቅ የጥራት ምልክት ነው ለሚለው መልሱን ሐምሌ ላይ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በእግር ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እዩት፣ በየፎቁ መግቢያ የተዘረጋ ካርቶን አለ። ባለሕንፃው ውድ ድንጋይ አንጥፎ፣ ሰው እንዳይንሸራተት የሳሙና ካርቶን ያነጥፍበታል። ማንኛውም ጠንካራ ድንጋይ በቂ ጊዜ ከተወለወለ ያበራል፣ ብርሃኑ የሚነግራችሁ የማሽኑን ሥራ ነው። ለመግቢያና ለደረጃ በእሳት የተለበለበ ወይም በመዶሻ የተነቀሰ ገጽ ጠይቁ። የደረጃው ድንጋይ 3 ሴንቲ ይሁን፣ ጫፉ ላይም የሚቆነጥጥ መስመር ይቆረጥበት። ሻወር ቤት ውስጥ የተወለወለ እምነበረድ ያስገባ ሰው ግን... እግዜር ይጠብቀው።

ማንጠፉ ቀላል ነው የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከድንጋዩ ይልቅ የሚበላሸው አነጣጠፉ ነው።

መጀመሪያ ክብደት። 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከሥሩ 4 ሴንቲ ሞርታር (የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቅ) ስትጨምሩበት እሱ ብቻውን ሌላ 80 ኪሎ ገደማ ነው። 20 ካሬ ሳሎን ላይ አስሉት፣ ከሁለት ቶን ተኩል ይበልጣል። መሬት ላይ ያለ ቤት ከሆነ ግድ የለም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያውም የድሮውን ንጣፍ ሳታነሱ ከላዩ ልትደርቡ ካሰባችሁ ግን መሐንዲስ ሳታማክሩ እንዳትነኩት። ከኮሪደሩ ልማት የተረፉ የድሮ የፒያሳ ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ ፎቃቸው ጣውላ ነው። ጣውላ እየተነፈሰ ይንቀሳቀሳል፣ ድንጋይ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ጣውላውን አሳድሱት፣ እሱ ራሱ ቅርስ ነው።

ሁለተኛ፣ ነጣ ያለ እምነበረድ ብርሃን ያስገባል፣ ከሥሩ ያለውንም ያሳያል። በተራው ግራጫ ሲሚንቶ ከተነጠፈ ጥላ ጥላ ይሆንበታል። ነጭ ሲሚንቶ ወይም ነጭ የድንጋይ ኮላ ነው የሚያስፈልገው። አንዳንድ ነጭ እምነበረድ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ማዕድን አለ፣ እርጥብ ሞርታር ላይ ሲከርም ይዝግና ቢጫ እያለ ይወጣል። ከዚያ ባለቤቱ ሻጩን ይከሳል፣ ሻጩ ሠራተኛውን፣ ሠራተኛው ውሃውን። መሬት ቤት ከሆነ ደግሞ ከሥር የሚመጣው እርጥበት ጨው ተሸክሞ ወጥቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ስለዚህ ከኮንክሪቱ በታች ላስቲክ መነጠፉን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ወለሉ ሳይደርቅም ማሸጊያ አትቀቡ፣ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል።

ሦስተኛ፣ አራት ማዕዘኑ ላይና መሃሉ ላይ ብቻ እፍኝ እፍኝ ሞርታር አድርጎ ድንጋዩን የሚለጥፍ ሠራተኛ አለ። ውሃ ልኩ ላይ ያምራል። ከሥሩ ግን ባዶ ነው፣ ቁም ሳጥን ሲገፋበት ወይም ሙቀጫ ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። ሞርታሩ ሙሉ ለሙሉ መልበስ አለበት። ከመክፈላችሁ በፊት በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ ዙሩ፣ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይነግራችኋል። አንዳንዱ ድንጋይ ጀርባው ላይ የመስታወት ክር መረብ በሬዚን (በሰው ሠራሽ ሙጫ) ተለጥፎበት ይመጣል፣ እሱ ላይ ተራ ሲሚንቶ በደንብ አይዝም፣ ለዚያ የሚሆን ኮላ ጠይቁ። ከመነጠፉ በፊት ሁሉንም ደረቁን ደርድሩት፣ ቅዱ ከቅዱ እንዲገጥም። ዞኮሎውም (ከግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው) ከዚያው ድንጋይ እንዲቆረጥ አስቀድማችሁ ቁጠሩት፣ በኋላ ቀለሙ አይገጥምም። ይሄን ሁሉ ሴራሚክ የሚሠራ ሁሉ ይሠራዋል? ጎበዞች አሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፣ የሠራውን ወለል ሳታዩ አትቅጠሩ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ፣ ከፖርሲሊን ሁሌም ይበልጣል ወደሚለው። ፖርሲሊን የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በታች ነው። ሎሚ አያውቅም፣ ሊጥ አያውቅም፣ ማሸጊያ አይጠይቅም። ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ያለ ሐሳብ እሱን ነው የምመክረው። ድንጋይ የሚበልጠው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ያው ነው። ሲያረጅ ይፈጫል፣ ይወለወላል፣ አዲስ ይሆናል። ፖርሲሊን ከተፈለፈለ መፍትሔው ማንሳት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ሁሌም የሚለውን ቃል ባይጨምሩበት ኖሮ።

ቴራዞን ግን እንዴት ረሱት? ቸርችል ጎዳናና ፒያሳ ያሉ የድሮ ሕንፃዎች ደረጃና ኮሪደር ውስጥ ግቡ፣ ስንት ትውልድ ረግጦት ያለው ቴራዞ ነው። የእምነበረድ ጠጠርና ሲሚንቶ ስለሆነ አሲድ አይወድም፣ ይሄን አልደብቅም። ለመተላለፊያና ለሳሎን ግን ገንዘብ ላጠረው ሰው እንደሱ ያለ የለም። በሊሾ ወለል ያደግን ሰዎች ደግሞ እሱ ራሱ ቅንጦት ነበር።

ወጪውም አንዴ አይደለም። ሱቅ ላይ የሚነገራችሁ የካሬ ዋጋ መነሻ ነው። ከቆረጣ የሚባክን አለ፣ ቢያንስ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ክፍላችሁ ማዕዘኑ ያልቀና ከሆነ ከዚያም በላይ። የጭነት መኪና አለ። ጫኝና አውራጅ አለ፣ ድንጋይ መሆኑን ሲያዩ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው፣ ፎቅ ከሆነ በየፎቁ ነው የምትደራደሩት። ነጭ ሲሚንቶ፣ ኮላ፣ የመጨረሻ መወልወያ፣ ማሸጊያ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እንደገና ማስፈጫ። እነዚህን ሁሉ ደምራችሁ ነው ከፖርሲሊኑ ጋር ማወዳደር። ስትገዙም ሁሉንም ከአንድ ብሎክ፣ ማለትም ከአንድ ትልቅ ያልተቆረጠ ድንጋይ የወጣውን፣ በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ደመወዝ ሲመጣ ካላችሁ ሁለተኛው ዙር ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ሲነጠፍ የተረፈውን ደረጃ ሥር ደርድራችሁ አስቀምጡት፣ ጎረቤት ለመስኮት ደፍ ቢለምናችሁም እንዳትሰጡ።